ሎሚው ወዴት ሄደ?

ሕፃንን ማጫወት ለቅሶውን ለማስተው ብቻ የሚደረግ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አፉን በቅጡ ካልፈታ ልጅ ጋር የሚደረግ ጨዋታ የትምህርት ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ ፊደል ከመቍጠር አስቀድሞ ያዩትን በልብ መያዝን መልመድ ይገባልና።

ጨዋታውም ወጪ አይጠይቅም። ሁለት ኩባያዎች ይደፉና ሕፃኑ እያየ በአንደኛው ሥር ሎሚ ይደበቃል፤ «ሎሚው ወዴት ሄደ?» ተብሎም ይጠየቃል። ሽንብራና ባቄላ ግን ጉሮሮ ስለሚዘጉ ለዚህ ጨዋታ አይሆኑም። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊስ ሊቅ የገዛ ልጆቹን በዚህ ዓይነት ጨዋታ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ 8 ወር ገደማ ያልሞላው ሕፃን የተሸፈነበትን ነገር በእጁ አይፈልግም። ከዚያም በኋላ እስከ 1 ዓመት ገደማ ድረስ፥ ዕቃው ዓይኑ እያየ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር እንኳ፥ ቀድሞ ካገኘበት ስፍራ ይፈልገዋል። እንግዲህ ልጁ ባዶውን ኩባያ ቢያነሣ የዕድሜው ጠባይ ነው እንጂ የአእምሮ ጕድለት አይደለም።

ልጁ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው ማንኪያ፥ ስኒና ቍልፍ አሳይቶ ነጠላ ማልበስ፥ አንዱንም በስውር አንሥቶ የጐደለውን መጠየቅ ይቻላል።

የዚህን ጨዋታ ጥቅም በሚገባ ያስተዋልኩት የልጄን ልጅ ሳሳድግ ነው። እናቱ በ2009 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ቤይሩት ስትሄድ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሰው ካደገ በኋላ በዚያ ዕድሜው ያየውን እምብዛም አያስታውስም፤ በሕፃን ልብ ያለ ትዝታ ካልታደሰ ፈጥኖ ይደበዝዛልና። ስለዚህ ፊቷን እንዳይረሳ እጅግ እሰጋ ነበር። የእርሷን፥ የአጎቱንና የክርስትና አባቱን ፎቶግራፍ በወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፌ ማታ ማታ በምንጣፍ ላይ አሳየው ነበር፤ ቀጥሎም ሦስቱን ገልብጬ «እማዬ የቷ ናት?» እለዋለሁ። አጎቱን ቢያነሣ «ይህ አጎትህ ነው» ብዬ ስሙን እነግረዋለሁ እንጂ አልቈጣም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ እናቱ ስልክ ደውላ ድምፅዋን ቢሰማ፥ ማንም ሳይጠይቀው ሮጦ ካርቶኖቹን እየገለበጠ የእርሷን ፈልጎ አመጣ። ይኸንን ስነግራት ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለችም።

ጨዋታው ወደ ፈተና እንዳይለወጥ ግን ልንጠነቀቅ ይገባል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልያዝልህ ብሎት፥ ከመምህሩ ግርፋት ሸሽቶ ሳለ፥ ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ ዛፍ ላይ የወጣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ በቤተ ክርስቲያናችን ሲነገር ይኖራል። አለንጋው ያላስገኘለትን ትዕግሥት አስገኘለት። የትልቁን ሊቅ ታሪክ እያደነቅን፥ የሁለት ዓመት ልጅ ስኒውን ባያስታውስ «የጎረቤት ልጅ እኮ ያውቃል» ብለን ብናሳፍረው ከታሪኩ ምን ተማርን?

ስለዚህ ጨዋታው ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ ልጁም ሳይሰለች፥ ገና «ድገሚልኝ» ሲል ይቁም። እናትና አባት ወደ ሥራ የሚሮጡበት ቤት ቢሆን እንኳ፥ ከቅዳሴ መልስ በመንገድ ላይ «ዛሬ ምን አየን? ከበሮውን ማን መታ? ዕጣኑስ ከየት ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ልጁ አንዱን ቢመልስ እናንተ ሁለተኛውን ጨምሩለት፤ ዝም ቢልም ሁሉን ንገሩት። ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከሚወደው ሰው ጋር ደጋግሞ ያወራውን ነውና።