ሮም በሁለት ቀን፤ የራሳችንን ዱካ ተከትለን

ሮምን በሁለት ቀን አይቶ መጨረስ አይቻልም። ከልጆች ጋር ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ቤተሰብ የሚያዋጣው አንድ ነገር መርጦ እሱን መከተል ነው። እኛ የመረጥነው ኢትዮጵያን ነው። ከሱሉልታ ተነስቶ፣ የቪዛውን ጣጣ ችሎ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ በርሮ ሮም ላይ ኢትዮጵያን መፈለግ ሊያስቅ ይችላል። ከተማዋን ላወቀ ግን አያስቅም።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ወረድን። ከጣቢያው ሲወጡ ፊት ለፊት የሚታየው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንፃው ሲጀመር የታሰበው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። አደባባዩ ፖርታ ካፔና ይባላል። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ልትመልሰው ግዴታ ብትገባም ሐውልቱ ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው። በሦስት ተከፍሎ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ተተክሎ የተመረቀው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ ነው።

አሁን አደባባዩ ላይ መኪና ይሽከረከራል፤ ለአሜሪካው የመስከረም 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት አነስተኛ ዓምዶችም አሉ። ሌላ ቱሪስት ካሜራውን ሳያወጣ ያልፋል። ለእኔ ግን ከሮም ሁሉ የሚበልጠው ይህ ባዶ ቦታ ነው። ለልጅ «ተወስዶብን ነበር» ብቻ ሳይሆን «አስመለስነው» ማለት የሚቻልበት ቦታ ብዙ የለም። ታናሽየዋ ግን የኋላ ኋላ የግብፅን ሐውልቶች በየአደባባዩ ስታይ «የእነሱንስ ማን ይመልስላቸዋል?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያው ቦታ ተነስቶ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቁልቁል ሲሄዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ይደርሳሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን የጨረሰው እዚህ ቅስት ሥር ነው። ውድድሩ የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን አበሩ። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ የወጣው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ያኔ ገና ሮም በቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። ሰዓቱ 2:15:16 ነበር፤ ራዲን የቀደመውም በ25 ሰከንድ ነው። ልጆቻችን በየማለዳው አትሌቶች በሱሉልታ ሜዳና በአስፋልቱ ዳር ሲሮጡ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው ያን መንገድ እሽቅድምድም ይዘው ወረዱት። ኮሎሲየም እዚያው አጠገብ ነው። ከውጭ ዞረን አየነው፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር አልገባንም፤ አልቆጨንምም።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልበል። የድሮው ከተማ መንገድ ጥርብ ድንጋይ ነውና ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ዳር ቀን ከሌት የሚፈስ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ አለ። ማኪያቶ ስታዝዙ የሚመጣላችሁ በትንሽ ሲኒ፣ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው፤ የእኛን ማኪያቶ የለመደ ይደነግጣል። ልጆቹ ደግሞ በየሱቁ መስኮት ቦርሳ፣ ጎማ፣ ካልሲ የሚሉ ቃላቶቻችንን እያደኑ ዋሉ።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ጣሊያኖች ናቸው። መታሰቢያቸው አለፍ ብሎ ባለ አነስተኛ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ያለው ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት በዚህ መታሰቢያ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ ተንበረከከ፤ ሊያስነሡት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ስንት ሰው እንደጎዳ የሚነገረው እንደ ተራኪው ይለያያል። ታስሮ ወደ አገሩ ሳይመለስ ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። አንበሳው ግን ተመልሷል፤ ለገሃር ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ሁለተኛውን ቀን ለቫቲካን ሰጠነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። በአጥሩ ውስጥ ስለሆነ እንደ ባሲሊካው ዝም ብሎ አይገባበትም። እኛ ያደረግነው ወደ ጉልላቱ መውጣት ነበር። ደረጃው 551 ነው፤ በአሳንሰር ለጀመረ 320 ይቀረዋል። ከላይ ሆናችሁ ወደ ኋላ ስትመለከቱ የቫቲካን የአትክልት ቦታና በውስጡ ያለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይታያል።

ያ ቤተ ክርስቲያን ባይኖር የግዕዝ ኅትመት ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። በግራኝ ጦርነት ዘመን የተሰደደ ተስፋ ጽዮን የሚባል መነኩሴ እዚያ ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። መነኩሴው የደብረ ሊባኖስ ሰው ነበር። ይህን ስነግራቸው ትልቁ ልጃችን ደረጃ መቁጠሩን አቆመና «የእኛው ደብረ ሊባኖስ? በጎጃም መንገድ የምንሄድበት?» አለ። አዎ፣ እሱው ነው። ከሱሉልታ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።