ትንሿ መብራት

ወንድሜ ከሪያድ ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለ እናታችን ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን «ቪታራዋ ተገኘች ወይ፣ ጋሼ?» ነው የሚለኝ። እሱ ራሱ መኪና አይነዳም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃ ውስጥ የሰው ግመል ይጠብቃል። አገሩን ግን ያውቃል። ባጃጅ የት ድረስ እንደምትሄድና የት ላይ እንደምትቆም ያውቃል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የተዘረጋች የቆላ ከተማ ናት። በምዕራብ የግዳን ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ይቆሙና በመካከላቸው የማሽላና የጤፍ አገር የሆነው የራያ ሜዳ ይተኛል። ሜዳውን ሆርማትና ጎሊና ያቋርጡታል። ወንዝ ስል ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ እንዳይመስላችሁ። ሆርማት አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው፤ አህያውም፣ ግመሉም፣ ገበያተኛውም ይራመድበታል። ክረምት ሲሆን ደጋው ላይ ዶፍ ይጥላል፤ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከብ እየታየ፣ ከላይ የወረደው ደራሽ ውኃ ድንገት እያገሳ ይመጣል። ገበሬው ይህንኑ ጎርፍ በግንድና በድንጋይ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣበታልና ጎርፉን ጠላት ብቻ ብዬ ልጠራው አልችልም። እናቴና የወንድሜ ሚስት የሚኖሩት ከሆርማት ማዶ ነው። እኔ የማስተምረው ቆቦ ከተማ፣ ወዲህ ማዶ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ እኔ ማዶ በነበርኩበት አንድ ምሽት፣ የወንድሜ ሚስት ምጥ ያዛት። በ1 ሰዓት ቃሬዛ ላይ አድርገን ተነሣን። መንገዱ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከሸክሙ ሥር የነበሩት ጎረምሶች ዝም አሉ፤ ሁላችንም ድምፁን ሰምተነዋል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሆርማት ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ወዲያ ማዶ አንዲት መኪና መብራቷን አብርታ ትጠብቀናለች። ውኃው እስኪጎድል ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተቀመጥን። ሲጎድልም መኪናዋ እርጥቡን አሸዋ መድፈር ስላልቻለች እኛው ተሸክመን አሻገርናት። ወንድ ልጅ ነበር። እሷ ተረፈች።

ለወንድሜ በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምንም አልተናገረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሎ፣ ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል ሳያነሣ፣ «ቪታራ ስንት ትሸጣለች?» አለኝ።

ወንድሜ ቪታራን መምረጡ ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ከተማውን የሞሉት ከፍ ከፍ ያሉ መኪኖች ብዙዎቹ ቁመታቸው ብቻ ነው የገጠር፤ ጉልበቱ የሚደርሰው ለፊተኞቹ ሁለት ጎማዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የወጣችው የሱዙኪ ቪታራ ግን ትንሽ ብትሆንም እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ ላይ የተሠራች ናት። ከማርሹ ዘንግ ጎን ሌላ አጭር ዘንግ አላት፤ እሱን ስትስቡ ጉልበቱ ከኋላ ጎማዎች አልፎ ለፊተኞቹም ይካፈላል። በአስፋልት ትመለሳለች፣ በአሸዋ ትገባለች። ክብደቷም ቀላል ነው።

ዋጋዋ ግን ቀላል አይደለም። በሌላው ዓለም ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል አሉ፤ እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ነው የሚቀመጠው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና የሚያስገባውን ሰው ወገቡን ያዘው። በጥር 2016 በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር የቤት መኪና አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከእኔ ብዙ ተማሪዎች በዕድሜ የምትበልጥ መኪና በሰባት አኃዝ ብር ስትጠራ መስማት እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው። ወንድሜ የስምንት ዓመት የግመል ጥበቃ ደሞዙን ነው የሚሰጠኝ። እኔ ደግሞ ስለ መኪና የማውቀው መጻሕፍት ላይ ያነበብኩትን ያህል ነበር።

ደላላው የወሰደኝ ቆቦ ዳርቻ ወዳለ አንድ ግቢ ነው። መኪናዋ ከአገዳ ክምር ጎን ቆማለች። ባለመኪናው ትሑት ሰው ነው፤ ቡና ካልጠጣችሁ አላሳይም አለ። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ጎማዎቿን ፈትቶ፣ ባትሪዋን አውጥቶ፣ ራሷን በአገዳ ሸፍኖ እንዳስቀራት አጫወተኝ። ታኅሣሥ ላይ ገለጣት። በ2014 ነሐሴ እንደገና ሸፈናት። ሲነግረኝ የመኪናዋን ጣሪያ እንደ በሬ ጀርባ ያሻሽ ነበር። ታሪኩ ልቤን ነካው። ዛሬ ሳስበው ያን ዕለት የገዛሁት ታሪኩን ነበር፤ መኪናዋን ገና አላየኋትም።

እንደ አቅሜ ግን መረመርኩ። ሊብሬውን ተቀብዬ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን አመሳከርኩ። ቦሎው የዘመኑ ነው። ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በኪሴ ይዤው በሄድኩት ማግኔት ላሜራውን ነካካሁ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ማግኔት አይይዝም ብለውኛልና። አንድ በር ላይ ብቻ ተንሸራተተ። የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቤ የጭቃ መስመር ፈለግሁ፤ የለም። ኮፈኑን ስዳስሰው ሞቅ ብሏል፤ ከመምጣታችን በፊት አስነሥተዋታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ እንዳላይ ይሆን? ልጠይቅ ፈልጌ ቡናውን ቀምሻለሁና አፈርኩ። ከዚያ ከሥሯ ገባሁ። አንድ ወፍራም ዘንግ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል። ይኸው ፎር ዊሏ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ደላላው ገብቶ ሞተሩን አስነሣና አጭሩን ዘንግ ሳበው። ከፊት ለፊት ከሰዓቶቹ መካከል አንዲት ትንሽ መብራት በራች። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየናት።

«እንግዲህ መምህር፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?» አለ ደላላው።

በማግስቱ የሄድኩት ቆቦ ውስጥ ለብዙ ዘመን በመካኒክነት ወደሚታወቁ ሽማግሌ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኚህ ሰው ሲናገሩ መስማት ለቋንቋ ወዳጅ ድግስ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ… አንዱንም ከጣልያን አልተማሩትም፤ ጌታቸው ከጌታው የተቀበለውን ነው የተቀበሉት። ከአስመራ በደሴ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ በአምስቱ ዓመት የሠራው ጣልያን ሄደ፤ ጋራዡ ውስጥ የረሳቸው ቃላት ግን ቀርተው አማርኛ ሆኑ። ክሮቼራ የመስቀል ቅርጽ ያላት የዘንግ መገጣጠሚያ ናት። የዚች ትንሽ መስቀል ነገር ኋላ ይመጣል።

ሽማግሌው የማግኔቱን፣ የቀበቶውን ነገር በትዕግሥት ሰሙኝ። «ደግ አድርገሃል። አሁን ደግሞ አሸዋው ይጠይቃት» አሉኝ።

ባለመኪናው ሳያንገራግር ሆርማት ወረደ። የኅዳር ጠዋት ነው፤ ወንዙ ደርቋል። ሽማግሌው ልል አሸዋ መርጠው እንዲያቆማት አደረጉና የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጃቸው አዙረው አጠበቁ። ከዚያ እኔን ከፊት ጎማው ጎን አቆሙኝ።

«አንተ ጎማውን እይ። ወደ ሌላ እንዳታይ። ንዳ በለው!»

አጭሩ ዘንግ ተሳበ፤ መብራቷም በርታለች መሰለኝ። ሞተሩ ጮኸ። ከኋላ አሸዋ ተረጨ። እኔ የማየው ጎማ ግን እንደ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ደግሞ ጮኸ፤ የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓድ እየቆፈሩ ወረዱ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ አዘቀዘቀች፣ ከፊቴ ያለው ጎማ አንዲት ጣት ያህል እንኳ አልዞረም።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው ከሥሯ ገቡ። ጥቂት ቆይተው ሳቃቸው ተሰማ።

«መምህር፣ ግባና ቁጠር!»

ገባሁ። ከመሐል ካለችው የማካፈያ ካምቢዮ ሁለት ዘንግ ነው መውጣት ያለበት፤ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት። የፊተኛው መያዣ ባዶውን፣ ጥቁር ቅባት ተጋግሮበት አፉን ከፍቶ ይታያል። ትናንት አንድ ዘንግ አይቼ የተደሰትኩት እኔ ነኝ።

ባለመኪናው አልከራከርም አለ። አሸዋው ላይ ተቀመጠና ብዙ ዝም ብሎ ቆየ። ከዓመታት በፊት መኪናዋ ስትፈጥን ከሥር ትንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ጋራዥ ወስዷት፣ ባለሙያው «ክሮቼራዋ አልቃለች» ብሎ ዘንጉን ፈታው። ድምፁ ጠፋ፤ ነገሩም ተረሳ። «አራት ክረምት፣» አለ፣ «አራት ክረምት ያችን መብራት እያየሁ፣ ቢስሚላሂ ብዬ ነው እዚህ ወንዝ የገባሁት። ልጆቼን ጭኜ።» አመንኩት። የፊቱን መገርጣት ሰው በትወና አያመጣውም።

ሽማግሌው እንዳስረዱን መብራቷ ሐሰት አልተናገረችም። ሽቦዋ የተያያዘው ከማካፈያው ካምቢዮ ጋር ነው፤ ማርሹ ሲገባ ትበራለች። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ጎማው ዘንድ ይድረስ አይድረስ እሷ አታውቅም።

ሥራቸው በዚህ አላበቃም። የኋላውን ዲፈረንሻል መሙያ ፈትተው ጣታቸውን አገቡና አሳዩኝ፤ ዘይቱ ወተት የበዛበት ቡና መስሏል። ውኃ ገብቶበታል። ዲፈረንሻል ሲነዳ ይግላል። ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ድንገት ይሰበሰብና በመተንፈሻው ወይም ባረጀው ጎሚኒ በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱ ካልተለወጠ ኩሽኔታዎቹ ቀስ በቀስ ይበላሉ። ጎማዎቹም አራቱ አራት ዓይነት ናቸው። ሞተሯን ግን አመሰገኑ፤ በቅዝቃዜዋ ሲያስነሧት ጭሷ ንጹሕ ነው፣ ሻንሲዋም ስንጥቅ የለውም። ዘንጉ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል፤ መንገዱ ሲከፈት ይላካል። «ዋጋዋን አስቀንስና ግዛት» አሉ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሆዴ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ቢጠገን፣ ሆርማት ሞልቶ ሳለ ታሻግራለች?»

ወንዙን አሻግረው አዩ። «የለም። ሞልቶ ሳለ ማንም አያሻግርም። ውኃ ከሥር ሲያነሣት ጎማዋ መሬት ይለቃል፤ እሷ ደግሞ ቀላል ናት። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ባለው እርጥብ አሸዋ ላይ ነው የምትጠቅምህ።»

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ያን ሌሊት በሰዓት ከፋፈልኩት። ውኃው እስኪጎድል የጠበቅነው ስድስት ሰዓት ነው። ከጎደለ በኋላ በሸክም የተጓዝነው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መኪናዋ ወዲህ፣ እኔ ደጅ ቆማ ቢሆን ኖሮ የምታተርፍልን ያን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ወንድሜ ስምንት ዓመቱን ሊከፍል የተዘጋጀው ለዚያ ነው? ደግሞ ሌላውን ሒሳብ አሰብኩ። በ1 ሰዓት ከቤት ስንነሣ ወንዙ ገና ደረቅ ነበር። ጎርፉን የሰማነው በ2 ሰዓት ነው። በእግር ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ቪታራ በግማሽ ሰዓት ትጨርሰዋለች። ከእናቴ ደጅ፣ ከማዶ ተነሥታ ቢሆን ኖሮ… ይህን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደደመርኩትና እንደቀነስኩት አልነግራችሁም።

ወንድሜ ሲደወል ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘንጉን፣ መብራቷን፣ ዘይቱን፣ ሽማግሌው ስለ ሙላቱ የተናገሩትንም። ሒሳቡን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ከበስተኋላው የግመል ድምፅ ይሰማል።

«እንግዲያ ማዶ ነው የምታድረው» አለ በመጨረሻ።

«ማዶ ማን ይነዳታል? እኔ የማድረው እዚህ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ገበሬ ነው። እናታችን…»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

«እሷ መንዳት ትማራ» አለኝ።