ከሰማይ የታየውን በምድር ስለ መመስከር

ሰው ከዋክብትን እያየ ዘመኑን ሲቈጥር ኖሮ፣ አሁን ደግሞ በሰማይ ዓይን አቁሞ የገዛ ምድሩን ይመለከታል። ይህን ሥራ የሚፈጽመው ሳተላይት የተባለው መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን እኛ መሣሪያውን እያደነቅን፣ መሣሪያው እውነት እንዲናገር የሚደክሙትን ባለሙያዎች እንዘነጋለን። ስለዚህ ጥቂት ቃል ስለ እነርሱ ልንናገር ወደድን።

የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሲላክ፣ ምድርን በአራት የብርሃን ዐይነት ለይቶ የሚያየውን መሣሪያ የነደፉት ቨርጂኒያ ኖርውድ የተባሉ ሴት መሐንዲስ ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱ የሰው ዓይን የማያያቸው ናቸው። ለምለም ቅጠል ይህን ስውር ብርሃን አብዝቶ ሲመልስ ቀዩን ብርሃን ግን ስለሚውጠው፣ ሁለቱን በማነጻጸር የአዝመራውን ልምላሜ ከሰማይ ለመገመት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያም እንደ ሰው ያረጃል፤ ዓይኑም ይደክማል። ስለዚህ በኔቫዳ ምድረ በዳ፣ ሬልሮድ ቫሊ በተባለው ስፍራ፣ ባለሙያዎች በደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ ቆመው ሳተላይቱ በላያቸው ሲያልፍ ከመሬት የሚመለሰውን ብርሃን ይለካሉ፤ የለኩትንም ሳተላይቱ ካየው ጋር አስተያይተው ስሕተቱን ያርማሉ። ይኸውም ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ድንጋይ እንደሚፈትን ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሥዕሉን መተርጐም ነው። በእርሻ መካከል ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ የለመለመ ሁሉ እህል አይሆንም። ዝናብ አስቀድሞ ያቆመበት ማሳ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል፤ አረም አዝመራ ይመስላል፤ ባሕር ዛፍም በድርቅ ዓመት ለምልሞ ይቆማል። ከሰማይ ለሚያይ ይህ ሁሉ አንድ ልምላሜ ሊመስል ይችላል።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ለደረሰባት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የረኀብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት፣ የሳተላይትን ሥዕል ከገበያ ዋጋና ከሌላም መረጃ ጋር አስተባብሮ ሲመረምር የኖረው ስለዚህ ነው። ሥዕሉን ብቻ አምኖ «ምድሩ ለምልሟል» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ሊጫን የሚገባው እህል በጎተራ እንዲቀር ያደርጋልና፣ ዕዳውን የሚከፍለው የተራበው ነው።

አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር ከታይዩዋን ወደ ሰማይ ልካለች። በዚያ ቀን ደስ ያለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን መሣሪያ በገንዘብና በወዳጅ እርዳታ ይገኛል፤ ዕድሜውም የተወሰነ ነው። ሥዕሉን ይዞ ወደ ማሳው የሚወርድ፣ ምን እንደ ተዘራና መቼ እንደ ተዘራ ገበሬውን የሚጠይቅ፣ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚጽፍ ባለሙያ ግን በትምህርት ቤቶቻችን ካልተዘጋጀ ከየትም አይላክልንም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ዓይኑ በሰማይ ቢሆንም ፍርዱ በምድር መቅረቱን ማሰብ ይገባናል።