የሸክላ ጨረታና የመርካቶ ክርክር

ኢትዮ ጃዝ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ አጨዋወት ጋር ያዋሐደው ሙዚቃ፣ የተቀረጸባቸው የመጀመሪያ ኅትመት ሸክላዎች በኢንተርኔት ጨረታ ብርቱ ፉክክር ይደረግባቸዋል። አምሐ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠበትን ትእዛዝ ተዳፍረው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተሟቸው ሥራዎችም ሆኑ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳተሙት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ለዓለም ሰብሳቢዎች ታስበው የተዘጋጁ አልነበሩም፤ በኋላ ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጁት «ኢትዮፒክ» የተሰኘው ተከታታይ ኅትመትና የሙላቱ ሙዚቃ የተሰማበት የጂም ጃርሙሽ የ2005 ፊልም ፈላጊውን ሲያበዙት፣ የጥንቱ ሸክላ በነበረበት ቁጥር ቀረ።

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደዚህ ጨረታ የሚገባው ሁለት የአገር ቤት ልማዶችን ይዞ ነው። አንደኛው የመርካቶ ክርክር ሲሆን፣ በዚያ ሻጩ ከፍ አድርጎ የጠራውን ዋጋ ገዢው እየተከራከረ ያወርደዋል፣ ካልተስማማም ጥሎ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም «ና እሺ፣ ውሰደው» ብሎ የሚጠራው ራሱ ሻጩ ነው። በኢንተርኔት ጨረታ ግን ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ ሻጩ ዝም ይላል፣ ትቶ የሄደውንም ሰው የሚጠራው ሌላ ተጫራች እንደበለጠው የሚገልጽ መልእክት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ይበልጥ ያሳስታል። በስደት ባሉ አጥቢያዎች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሥዕል ወይም ጃንጥላ ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋ መጨመር ስጦታ ነው፤ ጉባኤው በእልልታ ያጅበዋል፣ አሸናፊውም አንዳንዴ ዕቃውን መልሶ ለጨረታ ያቀርበዋል። በዚያ አብልጦ መክፈል የጨረታው ዓላማ ራሱ ነው። በሸክላ ጨረታ ግን ትርፉ የሚሄደው ዕቃውን ለሚሸጠው ሰው እንጂ ለዘፋኙም ሆነ ለአሳታሚው ስላልሆነ፣ «የአባቶቻችን ሙዚቃ በባዕድ እጅ አይቅር» ከሚል ቅን ስሜት የሚጨመረው ገንዘብ የታሰበለትን ሰው አያገኘውም፤ ይህም የሚያሳዝን ነገር ነው።

የኢኮኖሚ ሊቃውንት «የአሸናፊው እርግማን» የሚሉት ችግርም አለ፤ ብዙዎች የአንድን ዕቃ ዋጋ በየራሳቸው ሲገምቱ የሚያሸንፈው ከፍተኛውን ግምት የሰጠው ስለሆነ፣ ከትክክለኛው ዋጋ በላይ የመክፈል ዕድሉ ሰፊ ነው። በኢቤይ ተጫራቹ የመጨረሻ ዋጋውን አንድ ጊዜ በምስጢር ካስገባ ሥርዓቱ ራሱ ተቀናቃኙን ለመብለጥ በሚበቃው መጠን ብቻ እየጨመረ ስለሚጫረትለት፣ እስከ መጨረሻው ሰከንድ ድረስ በእጅ መጨመር የሚያስፈልገው ገደቡን አስቀድሞ ላልወሰነ ሰው ነው። ገደቡም የሚወሰነው ቀደም ሲል የተሸጡ ቅጂዎች ዋጋ ታይቶ፣ የመላኪያውና የቀረጡ ወጪ ተደምሮ፣ ሻጩ የሰጠው የጥራት ደረጃም ከፎቶግራፎቹ ጋር ተመሳክሮ ነው፤ በየቤቱና በየቡና ቤቱ ሲሽከረከር የኖረ ሸክላ ጭረት አያጣምና። ሙዚቃውን ለማድመጥ ብቻ ለሚሻ ሰው ደግሞ ስትራት የተባለው አሳታሚ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና በሸክላ አውጥቶታል።