ከጽዱ ሥር የሰማነው ክርክር

ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ወደ አንኮበር ስንሄድ ደከመን። አገሩ ደጋ ነው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ከአንድ ጽድ ሥር አረፍን።

እዚያ ሦስት እረኞች የፍርድ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ፣ አንዷ ዳኛ ናቸው። ከሳሽና ተከሳሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ይናገራሉ። ከዚያ ዳኛዋ ትፈርዳለች።

ከሳሽ፣ «በሬው ገብሴን በላ። ከማሳዬ ዳር ቆሞ አይቼዋለሁ» አለ።

እኛም ቸኩለን፣ «እንግዲያው ባለቤቱ ይክፈል!» አልን።

ዳኛዋ ቆጣ አለች። «ቆዩ እንጂ ጋሼ! ገና አንዱን ነው የሰማችሁት» አለችን። አፈርን።

ተከሳሽ፣ «መቆሙን አልክድም። ሲበላ ግን ማን አየ?» አለ።

ከሳሽ፣ «ዱካው አለ» አለ።

ተከሳሽ፣ «በዚያ የሚያልፈው ከብት ብዙ ነው። ምስክር ጥራ» አለ። ምስክር አልነበረም።

ዳኛዋ አሰበች። «ገብሱ ተበልቷል። የበላው ግን አልታወቀም። አልፈርድበትም» አለች።

ከሳሹ አዘነ። እውነቱን ነው፤ ገብሱ አልተካሰም። ነገር ግን ያልበላው ቢከፍል ተበዳዩ ሁለት ይሆናል።

ድሮ አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በአደባባይ ይሟገቱ ነበር። መንገደኛም ዳኛ ይሆን ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ ሳይረጋገጥ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል።

እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትፈርዱ ነበር?