የማይሽር ቀዳዳ

ጨርቅ የሚሰፋ ሰው ቢሳሳት ክሩን ተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ ድርና ማጉ ወደ ቦታው ስለሚመለስም መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ጥቂት ቆይቶ ከዓይን ይሰወራል። ቆዳ ይህን ዕድል አይሰጥም። እንስሳው በሕይወት ሳለ እሾህ ቢወጋው ወይም መዥገር ቢነክሰው ቁስሉ ይሽርለት የነበረ ቆዳ፣ ከለፋ በኋላ የተወጋበትን ሁሉ ሳይደፍን ይዞ ይኖራል። የቆዳ ሥራን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍላጎቱ ብሎ በትርፍ ጊዜው ለመማር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ሕግ ይህ ሲሆን፣ የመርፌው ቅርጽ፣ የክሩ ውፍረት፣ የስፌት መኪናው ፍጥነት፣ የሠሪው ትዕግሥት ሳይቀር ከዚሁ ሕግ የሚመነጩ ናቸው።

በኢትዮጵያ የቆዳ ሥራ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኖ የኖረበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። የሚተኛበት ቁርበት፣ እህል የሚጫንበት ስልቻ፣ የአልጋው ጠፍር፣ መጽሐፍ የሚያዝበት ማኅደር፣ የብራና መጻሕፍትን የእንጨት ገበታ የሚሸፍነውና መስቀልና ሐረግ የሚታተምበት ድጉስ ሁሉ ከአንድ ጥሬ ዕቃ የወጡ ነበሩ፤ ሆኖም መጽሐፉን የሚደጉሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰው በመሆኑ ሲከበር፣ ያንኑ ቆዳ ፍቆና አልፍቶ ያቀረበለት ባለሙያ ግን «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። በሌላው የዓለም ክፍል ታሪኩ የተለየ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው የታንዲ ድርጅት በመጀመሪያ ለጫማ ጠጋኞች የሚሆን ዕቃ አቅራቢ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን የጫማ ቆዳ በራሽን ስለ ተወሰነና የመሥራቹ ልጅ ቻርልስ ታንዲ በባሕር ኃይል ሲያገለግል ቁስለኛ ወታደሮች በሆስፒታል ሆነው በቆዳ ሥራ ሲጽናኑ ስላየ፣ ድርጅቱ ፊቱን በፍላጎታቸው ለሚሠሩ ሰዎች ቆዳና መሣሪያ ወደ መሸጥ አዞረ። አንድ አገር የተጎዳን እጅና የተጎዳን መንፈስ የሚጠግንበት ሥራ በሌላው አገር ለሠሪው የውርደት ምክንያት ሆኖ መኖሩ ሊያሳዝን የሚገባው ነገር ነው፤ ዛሬ ሙያውን በፈቃዱ የሚመርጥ ወጣትም፣ መምረጥ ሳይችሉ ሲሰደቡበት ለኖሩት ባለሙያዎች ዕዳ እንዳለበት ቢያውቅ መልካም ነው።

ተማሪው ስለ መኪና ከማሰቡ በፊት የሚሰፋውን ነገር ማወቅ ይኖርበታል። በንግዱ አነጋገር ቆዳ የሚባለው የከብቱ፣ ሌጦ የሚባለው የበጉና የፍየሉ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚለፉት በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። በክሮሚየም ጨው የለፋ ቆዳ ለስላሳና ተለጣጭ ስለሚሆን ለጃኬት፣ ለጓንትና ለለስላሳ ቦርሳ ይመቻል፤ ከዛፍ ቅርፊትና ከመሳሰለው በሚገኝ ታኒን የለፋው ግን ጠንከር ያለ፣ ጠርዙ ሲታሽ የሚያብረቀርቅ፣ ውኃ ነክቶት ቅርጽ ቢታተምበት የማይለቅ በመሆኑ ለቀበቶ፣ ለኮርቻና ለመጽሐፍ ልባስ ይመረጣል። ከአንዱ ቆዳ ውስጥም ጀርባው የማይለጠጥና ጠንካራ ሲሆን ሆዱ ልልና ተሳቢ ነው፤ የቀበቶ ቁራጭ ከሆድ ያወጣ ጀማሪ ቀበቶው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲረዝምበት ያየዋል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ደግሞ ስስ፣ ልሙጥና ለስስነቱ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለምርጥ ጓንት የሚፈለግ ነው፤ ለጀማሪ የሚከብደውም ይኸው ሌጦ ነው፤ ምክንያቱም በስስ ቆዳ ላይ የስፌት ጉድለት የሚደበቅበት ውፍረት የለም።

የእጅ ስፌት መማር ከመኪና ስፌት መቅደም አለበት። የኮርቻ ስፌት የሚባለው ዘዴ በሰም የታሸ አንድ ክር በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይዞ፣ ቀድሞ በወስፌ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ የሚያልፍበት ነው። አል ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የቆዳ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመው የእጅ ስፌት መጽሐፉ ይህን ዘዴ በሥዕል ተንትኖ ስላስረዳ፣ ያለ መምህር የተማሩ ብዙዎች መምህራቸው ያደርጉታል። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ሁለተኛው የክሩ ጉዞ ስለሚይዘው አይተረተርም። በዚህ የተነሣ በእጅ የተሰፋ ሁሉ በመኪና ከተሰፋው ይበልጣል የሚል እምነት በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ ሰፍኗል፤ ይህ ግን የተጋነነ ነው። በተገቢው ክርና በተገቢው ውጥረት በመኪና የተሰፋ ቦርሳ ባለቤቱን ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። የእጅ ስፌት ትልቁ ጥቅም እጅን ማስተማሩ ነው፤ ቀዳዳው ምን ያህል ርቀት፣ ከጠርዙ ምን ያህል ገባ ብሎ፣ ክሩ ምን ያህል ተስቦ መቀመጥ እንዳለበት በወስፌ ያልተማረ ሰው መኪናው ሲያበላሽበት ብልሽቱ ከየት እንደ መጣ አያውቅም።

የስፌት መኪና የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና፣ ዓይኗ ወደ ጫፏ የቀረበ መርፌንና ከሥር የሚመላለስ መወርወሪያን በማጣመር ሁለት ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል እንዲጠላለፉ ያደርግ ነበር፤ የዛሬው መኪናም በመወርወሪያው ፋንታ በአብዛኛው የሚሽከረከር መንጠቆ ተተካበት እንጂ መሠረቱ ያው ነው። መርፌዋ እስከ ታች ወርዳ ጥቂት ወደ ላይ ስትመለስ፣ የሚሰፋው ነገር ክሩን ይዞ ስለሚያስቀረው ከመርፌዋ ጀርባ ትንሽ ቀለበት ትፈጠራለች፤ የታችኛው መንጠቆ ያቺን ቀለበት በጫፉ ይነጥቅና በታችኛው ክር ማጠንጠኛ ዙሪያ አሳልፎ ይቆልፋታል። በቆዳ ላይ ግን ችግር ይመጣል። ቆዳ መርፌዋን ጨምቆ ስለሚይዛት፣ የሚጫነው እግር በቂ ኃይል ከሌለው ቆዳው ከመርፌዋ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቆዳው ከተነሣ ቀለበቷ አትፈጠርም፤ ቀለበቷ ካልተፈጠረች መንጠቆው ባዶውን ይዞራል፤ ከላይ የሚታየው ደግሞ ክር የተዘለለበት፣ ከእንግዲህ የማይደፈን ቀዳዳ ነው። ስፌት ዘለለ ብሎ መኪናውን የሚወቅስ ጀማሪ የእግሩን ግፊት ቢጨምርና መርፌውን ቢለውጥ ብዙ ጊዜ መፍትሔውን ያገኛል።

መርፌም ቢሆን የቆዳና የጨርቅ ተብሎ ይለያል። የጨርቅ መርፌ ጫፉ ክብ በመሆኑ ድሩን ገፍቶ በመካከሉ ያልፋል፤ የቆዳ ጭረት ግን በሁሉም አቅጣጫ ተጠላልፎ የተያያዘ ስለ ሆነ ገለል ሊልለት አይችልም፤ ስለዚህ የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ትንሽ ስለት ተስሎ ይሠራል። ስለቱ ቆዳውን በስፌቱ መስመር ላይ ቢቆርጠው ቀዳዳዎቹ ተቀጣጥለው ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ጋደል አድርጎ ወይም መስመሩን አቋርጦ የሚቆርጥ ጫፍ ይመረጣል፤ በዚሁ ምክንያት ስፌቱን ማቀራረብ ጥንካሬ መጨመር መስሎ የሚታየው ሰው ቆዳውን እያዳከመ ነው። በመርፌ ላይ የተጻፈው ቁጥር የውፍረቱ መለኪያ ሲሆን፣ 100 ማለት አንድ ሚሊሜትር፣ 140 ማለት 1.4 ሚሊሜትር ነው። የክር መለኪያ የሆነው ቴክስ ደግሞ የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው፤ ቴክስ 70 የሆነ የናይለን ክር ለስስ ሌጦ ከ100 ወይም ከ110 መርፌ ጋር ሲስማማ፣ ለወፍራም ቦርሳና ለቀበቶ የሚሆነው የቴክስ 135 ክር 140 እና ከዚያ በላይ መርፌ ይፈልጋል። ክሩ ለመርፌው ከወፈረ እየተላገ ይበጠሳል፤ መርፌው ለክሩ ከወፈረም የሁለቱ ክሮች ቋጠሮ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ መሸሸጊያ አጥቶ ወደ ውጭ ብቅ ይላል።

በየቤቱ የሚገኘው የልብስ ስፌት መኪና ሁለት ድርብ ለስላሳ ሌጦ መስፋት አይከብደውም፤ ችግሩ ቆዳውን በመሳብ ላይ ነው። ከሥር ያለው ጥርስ የታችኛውን ቆዳ ሲገፋ ከላይ የሚጫነው ብረት እግር በላይኛው ላይ ይጣበቃል፣ በዚህም አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል፤ ስስ ወረቀት ከላይ አንጥፎ መስፋትና በኋላ ቀድዶ ማውጣት ወይም የማይጣበቅ እግር መግጠም ያስታግሰዋል። ለቆዳ ተብሎ የተሠራው መኪና ይህን ችግር የሚፈታው ጥርሱ፣ መርፌውና እግሩ በአንድነት ተራምደው ቆዳውን እንዲወስዱት በማድረግ ነው። ቆዳን በስፒል ወግቶ ማያያዝም ስለማይገባ፣ ሁለቱ ጠርዞች ቀድመው በማስቲሽ ይጣበቃሉ፤ ወፍራሞቹ ቦታዎችም ከመስፋት በፊት በስለታም ቢላዋ ከሥጋ ወገን ይሳሳሉ።

የመኪናው ሞተርም ብዙ ጊዜ የሚገባውን ያህል ትኩረት አያገኝም። የድሮው የፋብሪካ ሞተር ሁልጊዜ የሚሽከረከርና ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ከመኪናው ጋር የሚያያዝ ስለ ሆነ፣ ያልለመደ እግር ሲነካው መኪናው ተፈትልኮ ይሄዳል፤ ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ሞተር ግን ሲረገጥ ብቻ የሚነሣና ፍጥነቱ የሚወሰን ነው። ለፋብሪካ ፍጥነት ገንዘብ ነው፤ ለተማሪ ግን በየደቂቃው በመቶ የሚቆጠሩ የማይመለሱ ቀዳዳዎች ማለት ነው። ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሞተሩን ትቶ መዘውሩን በእጁ የሚያዞር፣ መርፌዋን ቆዳው ውስጥ እንደ ተከለ የመኪናውን እግር አንሥቶ ቆዳውን የሚያዞር፣ መጨረሻ ላይም ወደ ኋላ እየሰፋ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ከመብሳት ይልቅ ሁለቱን ክሮች ወደ ውስጥ ስቦ የሚቋጥር ሰው ሥራው በመጀመሪያው ዓመት ሳይቀር ያምራል። ከቻይና በርካሽ የሚመጣው፣ በእጅ የሚዞረው የጫማ መጠገኛ መኪናም ለዚህ ትምህርት አይናቅም፤ እግሩ በየአቅጣጫው ይዞራል፣ ቀጭን ክንዱ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ በአንድ ዙር አንድ ስፌት ብቻ ይሰፋል። የብረቱ ጠርዝ ሸካራ ስለሚሆን ክር በሚያልፍበት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቆዳ ላይ አሻራ የሚተው የእግሩን ጥርስም ማዶልዶም ያስፈልጋል።

የእነዚህ ነገሮች እውቀት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመርካቶ ጫማ የሚሰፉ ባለሙያዎች ከዚህ ሁሉ አብዛኛውን ሳይጽፉት በእጃቸው ያውቁታል፤ ተማሪ ነኝ ብሎ ለሚቀርብ ሰውም ጥሩ መምህራን ሊሆኑት ይችላሉ፤ የሚያስተምሩበት ጊዜ ደግሞ የሚሠሩበት ጊዜ ነውና ዋጋው ሊከፈላቸው ይገባል። መኪና ለመግዛት የተነሣ ጀማሪም ሊሰፋ ያሰበውን ቆዳና ክር ይዞ ይሂድ፤ የገበያው ወሬ ሳያስቸኩለው በሻጩ ፊት ሁለት ድርብ፣ ቀጥሎም አራት ድርብ ይስፋበት፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደለት ወደ ሌላ ሱቅ ይለፍ።