ጣሪያው ገና ነው

በ1ኛ ሳሙኤል 15 ላይ ሳኦል ከአማሌቅ መንጋ ምርጥ ምርጡን ያስቀረው ለመሥዋዕት እንደሆነ ተናግሯል። ሲሰሙት መንፈሳዊ ዓላማ ነው። ሳሙኤል ግን የበጎቹን ጩኸት ሰማ። በማርኬቲንግ ሙያ ስለምሠራ ይህ ታሪክ ቶሎ ይገባኛል፤ ዕቃው ጥሩ ሲሆን ማጋነኑ ውሸት አይመስለንም።

እዚህ ሮቤ ለሕፃናት የሰንበት ትምህርት ክፍል ማሠሪያ ገንዘብ ስናሰባስብ ባነሩን እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ፣ «እህቴ፣ ‹ጣሪያ ደርሷል› በይበት፤ ሰው የሚሰጠው ሊያልቅ ለተቃረበ ሥራ ነው» አለኝ። ግድግዳው ገና ከወገብ አላለፈም። ወንድማችን ለራሱ አምስት ሳንቲም የማይነካ ሰው ነው፤ እምቢ ማለቱን ያከበደብኝም ይኸው ነው። በመጨረሻ የግድግዳውን ፎቶ እንዳለ አወጣነው። መዋጮው ዘገየ፤ አልዋሽዎትም።

የባሌ ሰው ስንዴና አውድማ ያውቃልና ዳዊትንም ላንሳ። መሠዊያ ሊሠራ ሲመጣ ኦርና ስንዴ እየወቃ ነበር፤ አውድማውንም በሬዎቹንም በነፃ ሊሰጠው ፈለገ። መቅሠፍት ሕዝቡን እየጨረሰ ስለነበር ቢቀበል ማን ይፈርድበታል? ዳዊት ግን የሌላውን ንብረት የራሱ መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብ አልፈለገም። በ2ኛ ሳሙኤል 24 እንደተጻፈው 50 ሰቅል ብር ከፈለ።

በየቤታችንስ? ልጃችን ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገባልን ዕድሜው ላይ ስድስት ወር የምንጨምርበት ፎርም አለ። ስንሞላው ልጁ ብዙ ጊዜ አጠገባችን ቆሟል፤ የልደቱን ቀን ደግሞ በቃሉ ያውቀዋል።